ቤርስ 85 ወይስ ሬቨንስ 2000? የካዛንቺሱ ክርክር

የዚህ ወር የአንባብያን ጥያቄ ገጻችን ከሞላ ጎደል ለአሜሪካን ፉትቦል ሆኗል። የአውሮፓ ኳስ ጥያቄ የላካችሁ ትንሽ ታገሱን፣ በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን። ዛሬ ግን ሦስት አንባብያን እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ስለ አንድ ነገር ጽፈውልናል፣ ስለ ዲፌንስ (ስለ ተከላካይ ክፍሉ)፣ ደሞ ሦስቱም ጥሩ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ታላቅ ወንድሜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፣ አሁን ለእረፍት መጥቶ እኛ ጋ ነው፣ የባልቲሞር ሬቨንስ ደጋፊ ነው እና የ2000ው ዲፌንስ የመሰለ በዓለም አልታየም ይላል። ቢሮ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ደሞ ቺካጎ ተምሮ የመጣ ነው፣ እሱ ጋ ከ1985ቱ ቤርስ ውጪ ስም መጥራት አይቻልም። ከሥራ ስንወጣ ካዛንቺስ ቡና ላይ በተገናኘን ቁጥር ይሄ ነው ወሬው፣ ሁለቱም ቁጥር ይደረድራሉ፣ አንድ ሌላ ጓደኛችን ደሞ የሁለቱም ዝና የተጋነነ ነው ብሎ ሁለቱንም ያናድዳቸዋል። እውነቱን ንገሩኝ፣ እነዚህ ዲፌንሶች የሚባለውን ያህል ነበሩ ወይ? ከሁለቱስ ማን ይበልጣል? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ ከወንድምህ ጋር ነኝ፣ ግን እሱ በሚያቀርበው ምክንያት አይደለም። የሬቨንስ ደጋፊ መጀመሪያ የሚጠራልህ 165 የሚለውን ቁጥር ነው፣ በ16 ጨዋታ 165 ነጥብ ብቻ ነው የተቆጠረባቸው፣ በጨዋታ 10.3 ማለት ነው፣ ሊጉ 16 ጨዋታ በነበረበት ዘመን ሁሉ ከዚያ ያነሰ የተቆጠረበት ቡድን የለም። የቺካጎ 198 ነው፣ በጨዋታ 12.4። በዚህ ከሄድን ክርክሩ በአንድ ስኒ ቡና ያልቃል፣ ግን በዚህ ማለቅ የለበትም፣ ለምን መሰለህ፣ ያው ቺካጎ በቀጣዩ ዓመት በ1986 ስንት ተቆጠረበት? 187። ከ85ቱ ያነሰ! አሁን በየትኛው ቡና ቤት ነው ስለ 86ቱ ቤርስ ሲወራ የሰማኸው? ዲፌንሱን የሠራው ባዲ ራያን የፊላደልፊያ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሄዷል፣ በእሱ ቦታ ቪንስ ቶቢን ገብቷል፣ ቡድኑ 14 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸንፎ ፕሌይኦፍ (ተሸናፊው የሚወጣበት የሲዝን ማጠቃለያ ውድድር) ገባና በመጀመሪያው ጨዋታ በዋሽንግተን 27 ለ 13 ተሸኘ። ስለዚህ የተቆጠረበት ነጥብ ብቻውን ነገሩን አይፈታውም፣ ቢፈታው ኖሮ ባልደረባህ የሚከራከርለት ለ86ቱ ነበር።

እና የ85ቱን ልዩ ያደረገው ምንድነው? ሲዝኑን ሳምንት በሳምንት ካየኸው ደስ የሚል ነገር ታገኛለህ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ታምፓ 28፣ ኒው ኢንግላንድ 7፣ ሚኒሶታ 24 ነጥብ አስቆጥረውባቸዋል፣ 59 ነው ድምሩ፣ ይሄ የታሪክ ዲፌንስ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ከዚያ ዘጠኝ ጨዋታ ተጫወቱ፣ በዘጠኙ በሙሉ የተቆጠረባቸው 68 ነጥብ ነው። ከነዚህ አንዱ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ በመጣው ሳንፍራንሲስኮ ላይ ነበር፣ እዚያ ሜዳቸው ሄደው 26 ለ 10 አሸነፏቸው፣ የሳንፍራንሲስኮ ብቸኛ ታችዳውን (ኳሱን ሜዳው ጫፍ አድርሶ የሚገኝ ነጥብ) ደሞ የቺካጎን ፓስ ጠልፈው ያመጡት ነው እንጂ ኦፌንሳቸው (አጥቂ ክፍላቸው) ያገኘው ፊልድ ጎል፣ በእግር ተመትቶ የሚገኝ 3 ነጥብ፣ ብቻ ነው። ከዚያ ህዳር ላይ ዳላስን 44 ለ 0፣ በሳምንቱ አትላንታን 36 ለ 0። በሁለት ጨዋታ 80 ለ 0 በፕሮፌሽናል ሊግ ውስጥ እኮ ነው።

ከዚያ ማያሚ መጣ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1985፣ 38 ለ 24 ተሸነፉ፣ በሲዝኑ የተሸነፉት ያንን ብቻ ነው። ወንድምህ ይቺን ጨዋታ ሳያነሳ አይቀርም፣ እኔ ደሞ ባልደረባህ እንዲያፍርባት አልፈልግም፣ ምክንያቱም ዲፌንሱ እንዴት እንደሚሠራ ከሁሉም ጨዋታ በላይ የምታሳየው እሷ ናት። የባዲ ራያን 46 የሚባለው አሰላለፍ ስምንት ሰው ወደ መስመሩ አስጠግቶ፣ ከግራም ከቀኝም ከመሃልም ሰው እየላከ፣ ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚያከፋፍለው ተጫዋች) ገና ማንን እንደሚያይ ሳይወስን እላዩ ላይ መድረስ ነው። በዚያ ዓመት 64 ሳክ (ኳርተርባኩን ኳስ እንደያዘ መጣል) አላቸው፣ ከተጋጣሚ የነጠቁት ኳስ 54 ነው። ዋጋው ደሞ ግልጽ ነው፣ ፊት ላይ ያን ሁሉ ሰው ካደረግክ ኋላ ተቀባዮችን የሚጠብቁት ኮርነርባኮች ለብቻቸው ቀሩ ማለት ነው። አብዛኛው ኳርተርባክ ይህን ክፍተት ለመጠቀም ጊዜ አያገኝም፣ ዳን ማሪኖ ግን ኳሱን ከእጁ የሚያወጣበት ፍጥነት በዘመኑ አቻ አልነበረውም፣ የማያሚው አሰልጣኝ ዶን ሹላ ደሞ ተቀባዮቹን አስፍቶ ቺካጎ በማይመቸው ሰው እንዲከላከል አደረገው፣ እረፍት ላይ 31 ለ 10 ነበር። አንዷ ታችዳውን እንደውም ኳሷ የዳን ሃምፕተንን ሄልሜት ነክታ ነጥራ ማርክ ክሌይተን እጅ ላይ ያረፈች ናት። እኔ ከዚህ የምረዳው ያን አሰላለፍ ለማሸነፍ ማሪኖን የሚያክል ሰው፣ ሹላን የሚያክል አሰልጣኝ፣ ትንሽ ዕድልም አስፈልጎ እንደነበር ነው፣ ይሄ ደሞ ለቺካጎ ክብር ነው።

ፕሌይኦፉን አስበው፣ ጃይንትስን 21 ለ 0፣ ራምስን 24 ለ 0። የራምሱ ኤሪክ ዲከርሰን ከሳምንት በፊት ዳላስ ላይ 248 ያርድ ሮጦ የፕሌይኦፍ ሪከርድ ሰብሮ ነው ቺካጎ የገባው፣ እዚያ 46 ያርድ ሰጡት። ሱፐር ቦውል (የፍጻሜው ጨዋታ) ላይ ኒው ኢንግላንድን 46 ለ 10 ሲያሸንፉ ተጋጣሚያቸው ጨዋታውን ሙሉ በሩጫ ያገኘው 7 ያርድ ነው፣ ኮከብ ተብሎ የተመረጠውም ከዲፌንሱ ሪቻርድ ዴንት ነው። ተጋኗል ላለው ጓደኛህ ይህን አንብብለት።

ታዲያ ለምን ከወንድምህ ጋር ነኝ አልኩ? እኔ ዲፌንስን የምመዝነው ከጎኑ ማን ነበረው በሚል ነው። ቺካጎ በዚያ ዓመት ዋልተር ፔይተን የነበረው ኦፌንስ ነበረው፣ 456 ነጥብ አስቆጥሮ ከሊጉ ሁለተኛ፣ በሩጫ አንደኛ። ኳሱን ይዞ ይቆያል፣ ነጥብ ያመጣል፣ ዲፌንሱ አርፎ ነው የሚገባው፣ ተጋጣሚው ደሞ ስለተመራ ፓስ ማድረግ ግዴታው ነው፣ ያኔ እነ ዴንት ሩጫ አለ ብለው ሳይሰጉ ኳርተርባኩን ብቻ ያሳድዱታል። የ2000 ሬቨንስ ግን ኦክቶበርን ሙሉ፣ አምስት ጨዋታ በተከታታይ፣ ኦፌንሳቸው አንድም ታችዳውን አላስቆጠረም። አንድም! በነዚህ አምስት ጨዋታዎች ቡድኑ ላይ የተቆጠረው 0፣ 10፣ 10፣ 14 እና 9 ነው፣ በድምሩ 43፣ ከአምስቱ ሁለቱን በፊልድ ጎል ብቻ አሸነፉ፣ ሦስቱን ተሸነፉ። በእግር ኳስ አስበው፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ 3 ለ 0 እየመራ የሚከላከል ቡድንና አጥቂዎቹ ወር ሙሉ ጎል ያላገቡለት ቡድን ተከላካይ፣ የሁለቱ ሥራ አንድ አይደለም፣ ሁለተኛው አንዴ ከተሳሳተ አለቀለት። ሬቨንሶች በወሩ መጨረሻ ኳርተርባክ ቀይረው፣ ትሬንት ዲልፈርን አስገብተው፣ ያንን ወር ሳይበታተኑ አልፈው፣ ከዚያ በኋላ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ሻምፒዮን ሆኑ። ለኔ ከየትኛውም ሪከርድ በላይ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

አሁን ለባልደረባህ የሚጠቅመውን ደሞ ልስጠው፣ ምክንያቱም 165 የሚለው ቁጥር ትንሽ ዘይት ተቀብቷል። ሬቨንስ ክሊቭላንድንና ሲንሲናቲን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የሚገጥሙት፣ እነዚህ ሁለቱ በዚያ ዓመት ከሊጉ ሁሉ ትንሽ ነጥብ ያስቆጠሩ ቡድኖች ናቸው፣ ክሊቭላንድ ዓመቱን ሙሉ 161፣ ሲንሲናቲ 185። በአራቱ ጨዋታ ሬቨንስ ላይ ያገቡት 14 ነጥብ ነው። እነሱን አውጥተህ በቀሪዎቹ 12 ጨዋታዎች ካሰላኸው 151 ነጥብ ነው፣ በጨዋታ 12.6 ይመጣል፣ ያን ጊዜ ከቺካጎ ብዙም አይራቅም። በሁለተኛው ሳምንት ጃክሰንቪል 36 ነጥብ አግብቶባቸዋል፣ ጂሚ ስሚዝ ብቻውን 291 ያርድ ተቀብሎባቸዋል፣ የሬቨንስ ደጋፊ ማሪኖን ሲያነሳ ስሚዝን አንሱበት። በያርድም ቢሆን በዚያ ዓመት አንደኛው ቴኔሲ ነበር እንጂ ባልቲሞር አይደለም። ሳክ ደሞ 35 ብቻ፣ ከቺካጎ ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ አውቄ ነው ወንድምህን የምደግፈው፣ የሚያሳምነኝ ፕሌይኦፍ ላይ የሆነው ነው። በ2000 ሲዝን በነጥብ ሁለተኛው ኦፌንስ ዴንቨር ነበር፣ 485፣ ሦስተኛው ኦክላንድ፣ 479። ሬቨንስ ሁለቱንም በፕሌይኦፍ ገጠሟቸው፣ ለሁለቱም ሦስት ሦስት ነጥብ ነው የሰጧቸው። በመሃል ቴኔሲን ሜዳው ላይ 24 ለ 10። እርግጥ ዴንቨር ዋና ኳርተርባኩ ተጎድቶበት ነበር፣ የኦክላንዱ ሪች ጋነንም ያ ግዙፍ የሬቨንስ ተከላካይ ቶኒ ሲራጉሳ ወድቆበት በሁለተኛው ኳርተር ተጎድቷል፣ ይሄን ባልደረባህ ማንሳት መብቱ ነው። ግን ኦክላንድ በዚያ ዓመት በሩጫ የሊጉ አንደኛ ነበር፣ ለሩጫ ደሞ የኳርተርባክ ትከሻ አያስፈልግም፣ እና በዚያ ቀን ኦክላንድ ገዛ ሜዳው ላይ በሩጫ ያገኘው 24 ያርድ ነው። በሲዝኑ 16 ጨዋታ ሬቨንስ ላይ በሩጫ የተገኘው 970 ያርድ ብቻ ነው፣ ይሄም የ16 ጨዋታ ሪከርድ ነው፣ እነ ሳም አዳምስና ሲራጉሳ መሃሉን ይዘጋሉ፣ ሬይ ልዊስ ከኋላ ያለማንም ከልካይ ኳሱ ጋ ይደርሳል። ይሄ ከደካማ ተጋጣሚ የመጣ ቁጥር አይደለም።

ሱፐር ቦውሉን ያው ታውቀዋለህ፣ ጃይንትስን 34 ለ 7። ያቺ 7 ዲፌንሱ ላይ የተቆጠረች አይደለችም፣ ሮን ዲክሰን የሚባል ልጅ ኪክኦፍ (ጨዋታ ማስጀመሪያ ምት) ተቀብሎ 97 ያርድ ሮጦ ያስገባት ናት። የጃይንትስ ኦፌንስ ያገኘው ዜሮ ነው፣ 152 ያርድ እና አራት ኢንተርሴፕሽን (የተጠለፈ ፓስ)። እንግዲህ ደምረው፣ በአራት የፕሌይኦፍ ጨዋታ የተጋጣሚ ኦፌንስ ሬቨንስ ላይ ያስቆጠረው ታችዳውን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የቴኔሲ።

ለአንድ ጨዋታ ብቻ ተጋጣሚህን ማስፈራራት ከፈለግክ የ85ቱን ቺካጎ ላክ፣ እሱን አልከራከርም። ምንም የማያግዝህ ኦፌንስ ይዘህ ሻምፒዮን ሁን ከተባልክ ግን መልሱ ባልቲሞር ነው፣ የዲፌንስ ጥንካሬ የሚለካው ደሞ ብቻውን ሲቀር ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ በ1970ዎቹ ፒትስበርግ ተምሬያለሁ። ስለ ታላቅ ዲፌንስ በተወራ ቁጥር ቺካጎና ባልቲሞር ብቻ ይነሳል፣ የ1976ቱን ስቲለርስ ማንም አያስታውስም። በዘጠኝ ጨዋታ 28 ነጥብ ብቻ የተቆጠረበት ቡድን እንዴት ይረሳል? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ እኔም በንዴትዎ እስማማለሁ። የስቲለርስን ሲዝን ላላዩት አንባብያን ባጭሩ ልናገር፦ ቡድኑ ሲዝኑን አንድ አሸንፎ አራት ተሸንፎ ጀመረ፣ ኳርተርባኩ ቴሪ ብራድሾ ተጎዳ፣ ማይክ ክሩዜክ የሚባል ገና የመጀመሪያ ዓመቱ የሆነ ልጅ ገባ፣ ከዚያ እነ ጆ ግሪን፣ ጃክ ላምበርት፣ ጃክ ሃም፣ ሜል ብላውንት ቀሪውን ዘጠኝ ጨዋታ በሙሉ አሸነፉ። ከዘጠኙ በአምስቱ ምንም አልተቆጠረባቸውም። በተከታታይ ጨዋታ ብቻ ከሆነ ሚዛኑ፣ ከቺካጎም ከባልቲሞርም ይበልጣሉ፣ ይሄን ያለ ማመንታት እላለሁ።

ሙሉ ሲዝን ሲሆን ግን ሁለት ነገር ያስቸግረኛል። አንደኛ፣ በዓመቱ የተቆጠረባቸው 138 ነው፣ ከሱ ላይ 28ቱን ሲቀንሱ በመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች 110 ተቆጥሮባቸዋል ማለት ነው። ከዘጠኙ ተጋጣሚዎች አንዱ ደሞ ያኔ አዲስ የተቋቋመውና 14ቱንም ጨዋታ የተሸነፈው ታምፓ ቤይ ነው። ሁለተኛ፣ የዘመኑ ሕግ ለዲፌንስ ያደላ ነበር፣ ብላውንት ተቀባዩን ሜዳውን ሙሉ እየገፋ መሄድ ይችላል፣ የኦፌንስ መስመር ሰዎችም እጃቸውን ዘርግተው መከላከል አይፈቀድላቸውም። በ1977 አማካይ ነጥቡ በቡድን ወደ 17 ወረደ፣ እንዲያውም በዚያ ዓመት አትላንታ በ14 ጨዋታ 129 ነጥብ ብቻ ተቆጥሮበት 7 አሸንፎ 7 ተሸንፎ ፕሌይኦፍ እንኳን ሳይገባ ቀረ። በ1978 ሊጉ ሁለቱንም ሕግ ቀየረ፣ ከአምስት ያርድ በኋላ ተቀባይን መንካት ተከለከለ። ለስቲለርስ ግን ሙሉ ክብር ነው፣ በ76 ለሱፐር ቦውል ማለፊያ በኦክላንድ 24 ለ 7 ሲሸነፉ ፍራንኮ ሃሪስም ሮኪ ብላየርም በጉዳት አልተጫወቱም፣ ሁለቱ ቢኖሩ ይሄን ጥያቄ ዛሬ እርስዎ ሳይሆኑ ሌላው ነበር የሚጠይቀው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ባለቤቴ የሲያትል ደጋፊ ነው፣ በዚህ ዘመን ነጥብ እንደ ዝናብ በሚዘንብበት ጊዜ የተጫወተው የ2013 ሲያትል ከሁሉም ይበልጣል ይላል። እኔ ጨዋታውን ገና እየለመድኩት ነው፣ ልክ ነው? እና ዲፌንስ ጥሩ መሆኑን በምን ላውቅ? (ከሜክሲኮ አካባቢ)

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ከባድ ማስረጃ አለው። ሲያትል በዚያ ዓመት 231 ነጥብ ነው የተቆጠረበት፣ በጨዋታ 14.4፣ በነጥብም በያርድም ኳስ በመንጠቅም አንደኛ ሆኗል፣ ሦስቱንም ባንድ ላይ የያዘ ቡድን ከ85ቱ ቺካጎ ወዲህ አልነበረም። ሱፐር ቦውል ላይ የገጠሙት ዴንቨር በዚያ ሲዝን 606 ነጥብ በማስቆጠር የሊጉን ሪከርድ የሰበረ ቡድን ነው፣ በፔይተን ማኒንግ የሚመራ፣ ውጤቱ 43 ለ 8። ከዚያ የሚበልጥ ተጋጣሚ ቺካጎም ባልቲሞርም በፍጻሜ አልገጠማቸውም።

ዘመኑን ግን እናመዛዝነው ካልን እንዲህ ነው፦ በ2013 አንድ ቡድን በአማካይ ወደ 23 ነጥብ ተኩል ያገባ ነበር፣ ሲያትል ከዚያ 60 በመቶ ትንሽ አለፍ ያለውን ነው የሰጠው። በ1985 አማካዩ 21 ተኩል አካባቢ ነው፣ ቺካጎ የሰጠው 58 በመቶ ገደማ። በ2000 አማካዩ ከ21 ትንሽ ያነሰ ነው፣ ባልቲሞር የሰጠው ግማሹን ነው። ስለዚህ ዘመኑ ተቆጥሮለትም ባልቲሞር ይመራል፣ ለሲያትል ሦስተኛነቱን እሰጠዋለሁ፣ ባለቤትሽ ይህን ሲያነብ እንደማይስማማ አውቃለሁ።

በምን አውቃለሁ ላልሽው፣ ኳሱን አትከተዪ። ኳሱ ሲነሳ ፊት ያሉትን አራቱን የዲፌንስ ሰዎች እዪ። አራቱ ብቻቸውን ኳርተርባኩ ጋ ከደረሱ፣ ወይም ቢያንስ ከቆመበት ካስነሱት፣ ኋላ ሰባት ሰው ለመከላከል ቀረ ማለት ነው፣ ያ ዲፌንስ ጥሩ ነው፣ ሲያትል እንደዛ ነበር የሚጫወተው። አምስትና ስድስት ሰው ካልላከ የማይደርስ ከሆነ ግን ኋላው ክፍት ነው፣ እንደ ማሪኖ ያለ ሰው ሲመጣ ይቀጣል። ሁለተኛ ደሞ ሦስተኛው ዳውን (ኦፌንሱ አስር ያርድ ለመሄድ ካለው አራት ሙከራ ሦስተኛው) ላይ ስንት ያርድ እንደቀረ ተመልከቺ፣ ኦፌንሱ በየጊዜው ስምንትና አስር ያርድ ቀርቶት የሚደርስ ከሆነ ዲፌንሱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዳውኖች ሥራውን ጨርሷል። ለመለማመድ ሱፐር ቦውልን አትጠብቂ፣ እሱ እኛ ጋ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚጀምረው፣ በማግስቱ ሥራ አለ። የእሁድ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች መስከረምና ጥቅምት ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ከቀየሩ በኋላ ደሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጀምራሉ፣ ከእራት በኋላ የመጀመሪያውን አጋማሽ አይተሽ መተኛት ትችያለሽ።